ቪኤ ምንድን ነው? የሰርቨር ዩፒኤስ ሲመረጥ

ድሬዳዋ ውስጥ ለቢሮ ሰርቨር (የቢሮው ኮምፒውተሮች በጋራ ለሚጠቀሙበት ማዕከላዊ ኮምፒውተር) ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ በባትሪው ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ፣ ሊገዛ ሱቅ የገባ ሰው ቀድሞ የሚጠየቀው «የስንት ቪኤ ይሁን?» ተብሎ ነው። ቪኤ ቮልት አምፒር ማለት ሲሆን፣ ቮልቴጁ በአምፒሩ ተባዝቶ የሚገኝ ቁጥር ነው፤ መሣሪያው በትክክል የሚበላው ኃይል ግን የሚለካው በዋት ነው። ዋቱ ለቪኤው ሲካፈል የሚገኘው ፓወር ፋክተር ይባላል። ካርቶኑ ላይ በትልቁ 1000 ቪኤ የተጻፈበት ዩፒኤስ፣ ፓወር ፋክተሩ 0.6 ከሆነ የሚሸከመው 600 ዋት ብቻ ነው፤ ይህን ቁጥር ለማግኘት ብዙውን ጊዜ ዕቃውን አዙሮ ከጀርባው የተለጠፈውን ጽሑፍ ማንበብ ያስፈልጋል።

ከዚራ በተባለው የድሬዳዋ ሰፈር የሚገኝ አንድ ቢሮ እናስብ። የሰርቨሩ ፓወር ሰፕላይ (ውስጡ ያለው ኃይል ሰጪ ክፍል) 500 ዋት ይላል፤ ይህ ግን ጣሪያው እንጂ የዘወትር ፍጆታው አይደለም። ሥራ በሚበዛበት ሰዓት በዋት መለኪያ ሲታይ ሰርቨሩ 280፣ የኔትወርክ ስዊቹና ራውተሩ 40፣ በድምሩ 320 ዋት ቢበሉ፣ ጭነቱ ከአቅሙ 80 በመቶ እንዳያልፍ ስለሚመከር ባለ 600 ዋቱ ተርፎት ይሸከማቸዋል። ሌዘር ፕሪንተር ግን በሚሞቅበት ቅጽበት የሚስበው ኃይል ከፍተኛ ስለሆነ፣ ቦታ ተረፈ ተብሎ አብሮ ሊሰካ አይገባም።

ቪኤ ስለ ሸክም እንጂ ስለ ቆይታ አይናገርም። ሁለት ባለ 12 ቮልት፣ 9 አምፒር ሰዓት ባትሪዎች በስሌት 216 ዋት ሰዓት ስለሚይዙ፣ 320 ዋት ጭነው 40 ደቂቃ የሚቆዩ ይመስላል፤ ሆኖም ሊድ አሲድ ባትሪ በጥድፊያ ሲራገፍ የሚሰጠው እጅግ ስለሚያንስ፣ የባትሪውን ኃይል መሣሪያዎቹ ወደሚጠቀሙበት ኃይል የሚቀይረው ኢንቨርተርም ድርሻውን ስለሚወስድ፣ የዚያን ግማሽ ማግኘትም ያጠራጥራል። ሰርቨሩን በሥርዓት ለመዝጋት ወይም ጀነሬተር እስኪነሳ ለመጠበቅ ይህ በቂ ነው፤ መብራት ለሰዓታት ሲጠፋ ሥራ ለመቀጠል ግን አይበቃም።

በድሬዳዋ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው፣ በእኔ አስተያየት፣ ሙቀቱ ነው። የዚህ ዓይነት ባትሪ ዕድሜ የሚሰላው በ25 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ በየ10 ዲግሪው በግማሽ ገደማ ያጥራል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ኤሲውም አብሮ ይጠፋል። ከፋይል ካቢኔ ጀርባ አየር በማይደርስበት ጥግ የተወሸቀ አንድ ዩፒኤስ ሲከፈት፣ ባትሪው አብጦ ከቀፎው በካቻቢቴ ተፈልቅቆ ሲወጣ አይቻለሁ። ስለዚህ 10 ደቂቃ የሚያስፈልገው ቢሮ፣ በአዲስነቱ 10 ደቂቃ ብቻ የሚሰጠውን ሳይሆን 15 ወይም 20 የሚሰጠውን ቢመርጥ፣ ባትሪው በሁለተኛው ዓመት ከደከመም በኋላ የሚፈልገውን ደቂቃ አያጣም።