የካምቢዮ ዘይት ጣሳ ላይ ያለው «ጂኤል 4» እና «ጂኤል 5» ምንድን ነው?

ጅማ ውስጥ የመኪና ዘይት የሚሸጥ ሱቅ ገብታችሁ «የካምቢዮ ዘይት ስጠኝ» ስትሉ የሚመጣላችሁ ጥያቄ «90 ነው 140?» ነው፣ ማለትም የዘይቱ ውፍረት፣ በቃ። 90 ትላላችሁ፣ ጣሳው ይወጣል፣ ከፍላችሁ ትሄዳላችሁ። ግን እዛው ጣሳ ላይ ከ90ው ወረድ ብሎ በትንንሽ ፊደል ኤፒአይ ጂኤል 4 ወይም ጂኤል 5 የሚል ነገር ተጽፏል፣ ለአሮጌ ማንዋል ላንድክሩዘር፣ ሃይሉክስ ወይ ላንድሮቨር ካምቢዮ ደሞ ከ90ው ይልቅ ወሳኙ እሱ ነው። ግቢያችሁ ውስጥ ራሳችሁ ዘይት ልትቀይሩ ካሰባችሁ ሌላው ሌላው እየሰራችሁ የምትለምዱት ነገር ነው፣ ይሄኛውን ግን ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ማወቅ አለባችሁ።

ኤፒአይ የአሜሪካ የነዳጅ ኢንስቲትዩት ነው፣ ጂኤል የሚለው ደሞ ለጊር ዘይት የወጣ ደረጃ ነው። ቁጥሩ የዘይቱን ውፍረት አይናገርም፣ የጥራት ማዕረግም አይደለም፣ «5 ከ4 ስለሚበልጥ ይሻላል» የሚለው ነገር ነው ሰውን የሚያሳስተው። ቁጥሩ የሚነግራችሁ ዘይቱ ለምን አይነት ጥርስና ለምን ያህል ጫና እንደተሰራ ነው። ጥርስና ጥርስ በከባድ ጭነት ሲጫኑ መሀላቸው ያለው ዘይት ተጨምቆ ይወጣና ብረት ከብረት ጋር ሊገናኝ ይደርሳል፣ እዛች ሰዓት ላይ ዘይቱ ውስጥ የተጨመረው የሰልፈርና የፎስፈረስ ኬሚካል በሙቀቱ ከብረቱ ጋር ይዋሃድና ስስ ሽፋን ይሰራል፣ የሚፋቀው እንግዲህ ጥርሱ ሳይሆን ያ ሽፋን ነው። ጂኤል 5 ውስጥ ይሄ ኬሚካል በብዛት አለ፣ ጂኤል 4 ውስጥ ከሞላ ጎደል የሱ ግማሽ ነው። የጊር ዘይት ሲከፈት የሚሸተው ያ የበሰበሰ እንቁላል የሚመስል ሽታ ከዚሁ ሰልፈር ነው የሚመጣው። ጂኤል 1 የሚባለው ደሞ ጭራሽ ይሄ ኬሚካል የሌለበት ተራ ዘይት ነው፣ ለናንተ መኪና አይሆንም።

ታዲያ ብዙ ካለበት ምን ክፋት አለው? ለዲፈረንሻል ምንም ክፋት የለውም፣ እንደውም ግዴታ ነው። የኋላ ዲፈረንሻል ውስጥ ያለችው ትንሿ ጥርስ ትልቁን ክብ ጥርስ የምትነካው መሀሉ ላይ አይደለም፣ ከመሀል ዝቅ ብላ ነው የተገጠመችው፣ ስለዚህ ጥርሶቹ እየተሽከረከሩ ብቻ ሳይሆን እርስ በርሳቸው እየተንሸራተቱ ነው የሚሰሩት፣ ሃይፖይድ የሚሉት ይሄን ነው። እዛ ላይ ጂኤል 4 ብታደርጉ ከዲፈረንሻሉ ጋር መጣላታችሁ ነው፣ ጥርሱን ይበላዋል።

ካምቢዮ ግን ሌላ ነው። ማንዋል ካምቢዮ ውስጥ ሲንክሮናይዘር የሚባሉ ቀለበቶች አሉ፣ በአብዛኞቹ አሮጌ መኪኖች ላይ ከነሐስ መሰል ቢጫ ብረት የተሰሩ ናቸው። ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ስታወርዱ ጊሩና ዘንጉ የሚዞሩት በተለያየ ፍጥነት ነው፣ ቀለበቷ ጊሩ ላይ ያለውን ሾጣጣ ቦታ ጭምቅ አድርጋ ትይዝና ፍጥነታቸውን ታስተካክላለች፣ ከዛ ነው ማርሹ ያለ ድምጽ ጥልቅ የሚለው። ልብ በሉ፣ ቀለበቷ ስራዋን የምትሰራው በሰበቃ ነው፣ መንሸራተት የለባትም። የጂኤል 5 ኬሚካል ደሞ ተንሸራታች ሽፋን ያበዛባታል፣ ቀለበቷ በደንብ ስለማትይዝ ማርሹ ወይ አልገባም ይላል ወይ ክርርር ብሎ ይገባል። ሁለተኛው ችግር ሰልፈሩ ነው፣ በተለይ የድሮ አሰራር የሆነው ጂኤል 5 በሙቀት ጊዜ ቢጫ ብረትን ያጠቃል፣ ቀስ እያለ ቀለበቷን ይጨርሳታል። ይሄ በአንድ ወር የሚታይ ነገር አይደለም፣ ለዛም ነው መካኒኩም ባለመኪናውም «ካምቢዮው አርጅቶ ነው» ብለው የሚያልፉት።

እኛ ጋ ይሄ ነገር ከሌላው ቦታ በላይ ለምን እንደሚያንገበግበኝ ልንገራችሁ። ከአዲስ አበባ ስትመጡ ወልቂጤን አልፋችሁ ወደ ግቤ ድልድይ የሚወርደውን ቁልቁለት ታውቁታላችሁ፣ ስትመለሱም አብዔልቲ በኩል እንደዛው ነው፣ እዛ ላይ መኪና የሚያዘው በፍሬን ብቻ ሳይሆን በማርሽ ነው። ጭነት ይዛችሁ ወደ ሁለተኛ ላውርድ ስትሉ ማርሹ አልገባም ብሎ ዜሮ ላይ ከቀረ መኪናው ነጻ ሆነ ማለት ነው፣ ከዛ በኋላ የቀራችሁ ፍሬን ብቻ ነው፣ እሱ ደሞ እየጋለ ነው። ወደ ጌራ ወይ «በለጠ» በሚባለው ጫካ በኩል ወደ ቦንጋ የሚሄድም ሰው ቀኑን ሙሉ ሁለተኛና ሦስተኛ መሀል ነው የሚመላለሰው። ሲንክሮዋ፣ ማለትም ያቺ ቀለበት፣ የምትለፋው እንዲህ አይነት መንገድ ላይ ነው።

ሱቅ ላይ የሚሆነው ግን እንዲህ ነው።

«ጋሼ፣ ጂኤል 4 የሆነ የካምቢዮ ዘይት አለ?»

«90 ነው? አለ።»

«90 አዎ፣ ግን ጂኤል 4 የሚል።»

«ልጄ ሁሉም አንድ ነው፣ ይሄ 5 ነው እንደውም ይበልጣል።»

ሰውዬው ሊያታልል ፈልጎ አይደለም፣ ለዲፈረንሻልም ለካምቢዮም አንድ ጣሳ መሸጥ የለመደ ነው፣ የሚገዛውም ሰው አይጠይቀውም። በትህትና ጣሳውን ተቀበሉት፣ አዙራችሁ ጀርባውን አንብቡ፣ ጂኤል 4 ካልሆነ ሌላ ሱቅ ሂዱ። እዚህ ካጣችሁት አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው የጣሳውን ፎቶ ልካችሁ አስመጡ።

አሁን እውነቱን ላለማዛባት፣ ሁሉም ማንዋል ካምቢዮ ጂኤል 4 ብቻ ነው የሚወስደው አልልም። አንዳንድ የቶዮታ መመሪያ ሁለቱንም ይፈቅዳል፣ ጣሳው ላይ «ጂኤል 4/ጂኤል 5» የሚል ዘይትም አለ፣ አሁን ከሚሰሩት ጂኤል 5 ውስጥም ቢጫ ብረት የማይጎዱ አሉ። ላንድሮቨር ዲፌንደር ደሞ ጭራሽ ለየት ይላል፣ የድሮው ኤልቲ77 ካምቢዮ የሚወስደው የአውቶማቲክ ካምቢዮ ቀይ ዘይት ነው፣ ከ1994 ጀምሮ የመጣው አር380ም ቀጭን ዘይት ነው የሚፈልገው፣ ከጎኑ ያለው ትራንስፈር (ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያከፋፍለው ሳጥን) ግን 90 ነው የሚወስደው፣ እና አንድ ላይ 90 ሞልቶ የሚልክ መካኒክ አይጠፋም። ሲሪስ 3 ላንድሮቨር ሌላ ነው፣ እሱ ካምቢዮውም 90 ነው። ስለዚህ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ የሚለውን ነው የምታደርጉት፣ መጽሐፉ ከሌላችሁ ኢንተርኔት ላይ በሞዴሉ ቁጥር ፈልጉት፣ ሞዴሉ ሞተር ክፍል ውስጥ ያለችው ጠፍጣፋ ቆርቆሮ ላይ ተጽፏል።

ስለ 90ው አንድ ነገር ልበል። ብዙ ሰው 90 ሲባል «40» ወይ «50» ከሚባለው የሞተር ዘይት በእጥፍ የወፈረ ይመስለዋል፣ ልኬቱ ግን የተለያየ ነው። የጊር 90 በ100 ዲግሪ ላይ ከ13.5 እስከ 18.5 ሳንቲስቶክ (የውፍረት መለኪያ) አካባቢ ነው፣ የሞተር 40 ደሞ ከ12.5 እስከ 16.3፣ 50 ከ16.3 እስከ 21.9። ማለትም ሲሞቁ እኩዮች ናቸው። 75ደብሊው ወይ 80ደብሊው የሚለው የብርድ ቁጥር ነው፣ ጅማ ላይ ውሃ በረዶ ስለማይሆን 80ደብሊው-90 ይበቃናል። ማርሽ ስለጮኸ ብቻ ወደ 140 መሄድ ግን አልወድም፣ ድምጹን ያፍነዋል፣ ሲንክሮዋ ላይ ደሞ ይብስባታል፣ ምክንያቱም ቀለበቷ መጀመሪያ ያንን ወፍራም ዘይት ገፍታ ማውጣት አለባት።

አሰራሩ ከባድ አይደለም። መኪናውን ትንሽ ነድታችሁ አሙቁት፣ ሞቅ ያለ ዘይት ቆሻሻውን ይዞ ነው የሚወርደው። ለጥ ያለ ቦታ አቁሙ፣ ጎማውን በድንጋይ ወይ በእንጨት ጉማጅ ደግፉ፣ እነዚህ መኪኖች ከፍ ያሉ ስለሆኑ ብዙ ጊዜ ክሪክ ሳያስፈልግ ከስር ይገባል፣ ካነሳችሁት ግን በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ስር አትግቡ። ከዛ መጀመሪያ የምትፈቱት ከላይ ያለውን የመሙያውን ብሎን ነው፣ የማፍሰሻውን አይደለም። ይሄን አደራ እላለሁ፣ የመሙያው ብሎን ለአመታት ሳይነካ ቆይቶ ሊሆን ይችላል፣ ዝጎ እምቢ ካለ ወይ ጫፉ ከተላጠ ዘይቱን አስቀድሞ ያፈሰሰ ሰው ባዶ ካምቢዮ ይዞ ግቢው ውስጥ ቀረ ማለት ነው። የላይኛው ከተፈታ በኋላ ነው የታችኛውን የምትነኩት። ብዙ ቶዮታ ላይ 24 ቁልፍ ነው፣ ሁለቱንም ዙሪያቸውን በሽቦ ብሩሽ አጽዱ፣ የቀይ አፈር ጭቃው ደርቆ ይይዛቸዋል።

የማፍሰሻው ብሎን ጫፍ ላይ ማግኔት ካለ ጊዜ ወስዳችሁ እዩት፣ ካምቢዮው ስለ ራሱ የሚናገረው እዛ ላይ ነው። ግራጫ ለስላሳ ሊጥ የመሰለ ነገር ካለ አትደንግጡ፣ የብረት ዱቄት ነው፣ የተለመደ ነው። በጣት ስታሹት የሚቆረቁር ስንጣሪ ወይ የጥርስ ቁራጭ ካለ ግን ጥርስ ወይ ኩሽኔታ እየተበላ ነው። ዘይቱን የቀዳችሁበትን እቃ ደሞ ጸሐይ ላይ አውጡና አወዛውዙት፣ እንደ ወርቅ ብልጭ ብልጭ የሚል ደቃቅ ነገር ከታየ ቢጫ ብረት ነው፣ ማግኔት አይዘውም፣ የሲንክሮ ቀለበቷ እያለቀች ነው።

ሮንዴላዋን በአዲስ ቀይሩ፣ የማፍሰሻውን እሰሩ፣ ግን ቁልፉ ላይ ቧንቧ ሰክታችሁ አትጎትቱ፣ አሉሚኒየም ላይ የብሎኑ ቀዳዳ ጥርስ ይቀደዳል። አዲሱን ዘይት በእጅ ፓምፕ ወይ ከላይ በወረደ የጎማ ቱቦና በማንቆርቆሪያ ሙሉት፣ በቀዳዳው በኩል መልሶ መፍሰስ ሲጀምር ሞላ ማለት ነው፣ ጣታችሁን ስታስገቡ ዘይቱ ከቀዳዳው አፍ ጋር እኩል መሆን አለበት። ትራንስፈሩ የራሱ ብሎኖች አሉት፣ እሱንም አብራችሁ እዩት። ትራንስፈሩ ሲከፈት ከልኩ በላይ ከፈሰሰና ካምቢዮው ጎድሎ ከተገኘ መሀላቸው ያለው «ሲል» (ዘይት እንዳያልፍ የሚያግደው ቀለበት) አልቆ ዘይቱ ከአንዱ ወደ ሌላው እየሄደ ነው፣ አሮጌ ላንድክሩዘር ላይ የተለመደ ነገር ነው፣ ከውጭ ጠብታ ሳይታይ ካምቢዮው ዘይት ያጣል። የወጣውን ዘይት ጀሪካን ውስጥ ከድናችሁ የተቃጠለ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ስጡ፣ እባካችሁ ወደ አዌቱ ወንዝ የሚወርድ ቦይ ውስጥ አታፍስሱት።

በየስንት ኪሎ ሜትር ነው ለሚል፣ በደህና መንገድ 40,000 የተለመደ ነው፣ ጭቃና ዳገት ለሚበዛበት 20,000። ውሃ የገባበት መኪና ግን ኪሎ ሜትር አይቆጠርለትም። ካምቢዮና ዲፈረንሻል ላይ መተንፈሻ አለ፣ በጭቃ ከተደፈነ ወይ የመተንፈሻው የጎማ ቱቦ ከወለቀ፣ የጋለው ብረት ወንዝ ውስጥ ገብቶ ድንገት ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ውሃ ይስባል፣ በሲሉም በመተንፈሻውም በኩል። ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና መስሎ ከወጣ ውሃ ገብቷል፣ ያኔ ዛሬውኑ ነው የሚቀየረው፣ ነገ አይባልም። ክረምቱን ወንዝ እያቋረጠ የከረመ መኪና መስከረም ላይ የመሙያው ብሎን ተፈቶ ዘይቱ በጣት ይታይ፣ የመተንፈሻው ጎማ ደሞ ከፍ ብሎ ሻንሲው ላይ ይታሰር።

ትክክለኛው ዘይት ከገባ በኋላ ማርሹ ወዲያው ሊለሰልስ ይችላል፣ ትንሽ ከተነዳ በኋላም የሚሻሻል አለ። ወር ሙሉ ተነድቶ ሁለተኛው አሁንም ክርርር ካለ፣ ፍሪሲዮኑ እስከ መጨረሻው እየለቀቀ መሆኑን አረጋግጡ፣ እሱም ደህና ከሆነ ቀለበቷ አልቃለች፣ የትኛውም ዘይት አይመልሳትም፣ ካምቢዮው ወርዶ ቀለበቷ መቀየር አለባት።