የጥይት መከላከያ ደረጃ ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ ጸሐፊ ስለ ጥይት መከላከያ ሰደርያ «የአሜሪካ መንግሥት ፈትሾ ያጸደቀው ነው፣ ምንም አይበሳውም» ሲል አነበብኩ። ይህን አባባል ብዙ ጊዜ አይቼ አልፌዋለሁ። አሁን ግን ዝም ማለት አልቻልኩም፤ አምኖት የሚለብስ ሰው ሊሞት ይችላል።

ደረጃውን የሚያወጣው በአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ያለው ብሔራዊ የፍትሕ ኢንስቲትዩት ነው። ለመኪና ጎማ ታስቦ የነበረውን ኬቭላር የሚባል ጠንካራ ክር ፖሊስ እንዲለብሰው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ምርምሩን የደገፈውም እሱ ነው።

ወንድሜ፣ ደረጃ ማለት «ይህን ጥይት፣ በዚህ ፍጥነት ያቆማል» ማለት ብቻ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. በወጣውና በ2023 በአዲስ በተተካው ደረጃ ከለስላሳ ሰደርያዎች ከፍተኛው 3ኤ ነው። የሚፈተነው በሽጉጥ ነው፤ ከሁለቱ የፈተና ጥይቶች የአንዱ ፍጥነት በሰከንድ 436 ሜትር ነው። ክላሽ ግን በሰከንድ ወደ 715 ሜትር ያስወነጭፋል። 3ኤን በስቶ ያልፋል። ለእሱ ጠንካራ ሰሌዳ ያስፈልጋል።

የጣናን ታንኳ አስቡ። ለሁለት ሰውና ለአንድ ሸክም እንጨት የታሰረ ታንኳ ጥሩ ታንኳ ነው። ስድስት ሰው ጭናችሁበት ቢሰምጥ ጥፋቱ የደንገሉ አይደለም። ደንገል ደግሞ ውሃ ይጠጣል፤ ዳር ላይ ቆሞ ካልደረቀ ይበሰብሳል። የሰደርያ ክርም ይደክማል። ዛይሎን የሚባል ክር አዲስ እያለ ፈተናውን አልፎ ነበር። በ2003 ግን አንድ ፖሊስ ለብሶት ሳለ በጥይት ተበሳ። እርጥበት ክሩን እንደሚያዳክመው ታወቀ፤ በ2005 ኢንስቲትዩቱ እውቅናውን አነሳ። ለዚህ ነው የ2008ቱ ፈተና ሰደርያውን በ65 ዲግሪ ሙቀትና በ80 በመቶ እርጥበት ለ10 ቀን እያንከባለለ ካስረጀ በኋላ የሚተኩስበት። ያላስረጃቸውን አዲስ ሰደርያዎች ደግሞ መጀመሪያ 30 ደቂቃ ውሃ ውስጥ ይነክራቸዋል። እርጥብ ኬቭላር ውስጥ ጥይት በቀላሉ ይሾልካል።

አልተበሳም ማለትም አልጎዳም ማለት አይደለም። በፈተናው ከሰደርያው ጀርባ ለስላሳ ሸክላ ይደረጋል። ጥይቱ ሸክላውን እስከ 44 ሚሊ ሜትር ቢያጎደጉደውም ሰደርያው አልፏል ይባላል። ያ ጉድጓድ ደረት ላይ ቢሆን የጎድን አጥንት ሊሰብር ይችላል።

እኔ ባሕር ዳር የማስተምረው ጨርቃ ጨርቅ ነውና ይህንንም ልጨምር። ሰደርያ የምትለብሱ የጥበቃ ሰዎች፣ በረኪና አታስነኩት፤ እዚህ አገር ፀሐይ ላይ አታስጡት። ኬቭላር ሁለቱንም አይችልም። ውስጡ ያለውን መለያም አንብቡ፤ ደረጃው፣ የተሠራበት ጊዜና ወደ ሰውነት የሚዞረው ፊት እዚያ ተጽፏል።