«ጨረሩ ሰውነቴ ውስጥ ቀርቶ ይሆን?» ስለ ጨረር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ራጅ ተነሳሁ» እንላለን። ልክ «ፎቶ ተነሳሁ» እንደምንለው። ይህን አነጋገር ያመጣው ሰው ፊዚክስ ይማር አይማር እንጃ፣ ነገሩን ግን በትክክል ይዞታል። ፎቶ ሲያነሱን የካሜራው ብልጭታ ፊታችን ላይ ያርፋል፣ በቃ። ብርሃኑ ኪሳችን ገብቶ ቤት ድረስ አይከተለንም። ራጅም እንደዚያው ነው። ራጅን ያገኘው የፊዚክስ ሊቅ ቪልሄልም ሮንትገን በ1895 መጨረሻ የሚስቱን እጅ በራጅ ሲያነሳ የጣቶቿ አጥንትና ቀለበቷ ወጡ። እጇ ላይ የቀረ ጨረር ግን አልነበረም። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታዲያ ግራ መጋባቱ ከየት መጣ? አንዱ ምክንያት ቃሉ ይመስለኛል። ለፀሐይ ብርሃን፣ ለራጅ፣ ለስልክ ሞገድ፣ ለካንሰር ሕክምና፣ ከፈነዳ የኒውክለር ሬአክተር ለሚበተነው አቧራ ሁሉ «ጨረር» የምትለውን አንዲት ቃል እንጠቀማለን። ብዙ ተሸክማለች። እስቲ ሸክሟን እናቃልላት።

«ጨረር የነካው ነገር ራሱ ጨረር ማመንጨት ይጀምራል»

የብዙዎቹ ስህተቶች እናት ይህች ናት። ለካንሰር ከውጭ በማሽን የጨረር ሕክምና የሚወስድ አባት ልጆቹን ለማቀፍ ይፈራል። ቤተሰቡም መኝታ ይለይለታል። አያስፈልግም። ማሽኑ ሲጠፋ ጨረሩም አብሮ ጠፍቷል። አምፖል ካጠፋችሁ በኋላ ክፍሉ ውስጥ የተረፈ ብርሃን አትፈልጉም አይደል?

ምክንያቱ ጉልበት ነው። አንድ ነገር ራዲዮአክቲቭ (ራሱ ጨረር አመንጪ) እንዲሆን የአቶሙ እምብርት፣ ማለትም ኒውክለሱ፣ መለወጥ አለበት። ብዙ ቦታ የሚሠራበት ራዲዮአክቲቭ ብረት ኮባልት 60 የሚያወጣው ጋማ ጨረር 1.17 እና 1.33 ሚሊዮን ኤሌክትሮንቮልት (በአቶም ደረጃ ጉልበት የሚለካበት ጥቃቅን መስፈሪያ) ጉልበት አለው። ከኦክስጅን ወይም ከካርቦን ኒውክለስ አንዲት ኒውትሮን ነቅሎ ለማውጣት ግን ከ15 ሚሊዮን በላይ ያስፈልጋል። ስለዚህ ጋማው ኤሌክትሮኖችን እያባረረ ያልፋል፣ እምብርቱን ግን አይነካውም። በጋማ ከጀርም የጸዳ መርፌ፣ ጓንት ወይም የቀዶ ሕክምና ክር ራዲዮአክቲቭ የማይሆነው ለዚህ ነው። ቅመማ ቅመምና ሌላ ምግብም እንደዚያው። የዓለም ጤና ድርጅት፣ የምግብና እርሻ ድርጅት እና ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ በጋራ ያቋቋሙት የባለሙያዎች ኮሚቴ በ1980 እስከ 10 ኪሎግሬይ (ግሬይ አንድ ነገር የተቀበለው የጨረር ጉልበት መለኪያ ነው) ጨረር ያገኘ ምግብ የመመረዝ አደጋ የለውም ብሎ ደምድሟል። ለጠፈርተኞች የሚዘጋጅ ሥጋማ ከዚያም በላይ ያገኛል።

አንድ እውነተኛ ልዩነት አለ፣ ኒውትሮን። ኒውትሮን ቻርጅ ስለሌላት ኒውክለስ ውስጥ ሰተት ብላ ትገባለች፣ ያንንም ቁስ ራዲዮአክቲቭ ልታደርገው ትችላለች። ሬአክተር ውስጥ የቆየ ብረት የሚፈራው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላው ልዩነት መድኃኒቱ ራሱ ራዲዮአክቲቭ ሲሆን ነው። እዚህ ላይ አምፖሉን ራሱን ነው የዋጣችሁት። ለልብና ለአጥንት ምርመራ በብዛት የሚሰጠው ቴክኒሺየም 99ኤም ግማሽ ዕድሜው (ግማሹ የሚጠፋበት ጊዜ) 6 ሰዓት ነው። በቀኑ የቀረው አንድ አሥራ ስድስተኛ ብቻ ይሆናል፣ ያውም በሽንት የወጣውን ሳንቆጥር። ለታይሮይድ ዕጢ የሚሰጠው አዮዲን 131 ግን 8 ቀን ይፈጃል ግማሹ ለመጥፋት። እሱን የወሰደ ሰው ለተወሰኑ ቀናት ከሕፃናትና ከነፍሰ ጡሮች ራቅ በል ቢባል ልክ ነው፣ አይከራከር።

አምፖሉንና ብርሃኑን አለመለየት ምን እንደሚያስከትል ብራዚል ውስጥ ጎያንያ የምትባል ከተማ በ1987 አይታዋለች። ከተተወ ክሊኒክ የሕክምና ማሽን አካል ተሰረቀ። ውስጡ ሲዚየም 137 የሚባል ራዲዮአክቲቭ ዱቄት ነበር። ዱቄቱ በጨለማ ሰማያዊ ያበራ ስለነበር ሰዎች ተገረሙበት፣ ተካፈሉት፣ ገላቸውን ተቀቡት። 4 ሰዎች ሞቱ። ከ110 ሺህ በላይ ሰው ተመረመረ፣ 249 ሰዎች ላይ ብክለት ተገኘ። ያ ከሰው ሰው የተላለፈው ዱቄቱ ነው። ጨረር አይጋባም፤ የሚያመነጨው አቧራ ግን እጅ ላይ፣ ልብስ ላይ ይጋባል። ለመጀመሪያው ግድግዳና ርቀት ይበቃል፣ ለሁለተኛው ሳሙናና ውሃ ያስፈልጋል።

«ራጅ ምንም ካላደረገ ባለሙያው ለምን ከክፍሉ ይወጣል?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። እናንተ የደረት ራጅ የምትነሱት አልፎ አልፎ ነው። እሱ በቀን በርካታ ሰው ያነሳል፣ ይህንንም ለዓመታት። አብሮ ቢቆም ኖሮ የእያንዳንዱን ታካሚ ድርሻ ይሰበስብ ነበር።

«ጨረር ሰው ያመጣው ጣጣ ነው»

የፊዚክስ ሊቁ ቪክተር ሄስ በ1912 በባሉን ተሳፍሮ ከ5 ሺህ ሜትር በላይ ወጣ። ጨረሩ የሚመጣው ከመሬት ብቻ ከሆነ ወደ ላይ ሲወጣ መቀነስ ነበረበት። እሱ ግን ጨመረ። ከጠፈር የሚመጣው የኮስሚክ ጨረር የታወቀው በዚህ ነው። ከአፈርና ከድንጋይ ደግሞ ሬዶን የሚባል ራዲዮአክቲቭ ጋዝ ይወጣል፣ እንተነፍሰዋለን። የራሳችን ሰውነት ውስጥም ፖታሲየም 40 አለ፤ በአንድ ጎልማሳ ሰው ገላ ውስጥ በየሰከንዱ አራት ሺህ ያህል የፖታሲየም አቶሞች እየፈረሱ ነው። አሁን፣ ይህን እያነበባችሁ። ከተፈጥሮ ብቻ የሚደርሰን በዓለም አማካይ በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት (ሲቨርት ጨረር በሰው ላይ ሊያደርስ የሚችለው ጉዳት መለኪያ ነው) አካባቢ ነው። ግማሽ ያህሉ የሬዶን ሥራ ነው።

«ስልክም ራጅም ያው ጨረር ነው»

ያው አይደለም። የኤሌክትሮማግኔቲክ ሞገድ ጉልበቱን በጥቅል በጥቅል አድርጎ ነው የሚያደርሰው። ጥቅሉ ፎቶን ይባላል። ኤሌክትሮንን ከአቶም ለመንቀል አንዱ ፎቶን ብቻውን 10 ኤሌክትሮንቮልት አካባቢ መያዝ አለበት። የስልክ ሞገድ ፎቶን የሚይዘው የአንድ ኤሌክትሮንቮልት መቶ ሺህኛ አካባቢ ነው። የክፍላችሁ አምፖል ብርሃን በፎቶን ሲለካ ከስልኩ ከመቶ ሺህ እጥፍ በላይ ይበረታል፣ አምፖሉን ግን ማንም አይፈራውም።

«ታዲያ ስልኩ ብዙ ፎቶን ቢልክስ?» ሁለት ሜትር አጥር አለ እንበል። ሺህ ሰው ተሰልፎ እያንዳንዱ አሥር ሳንቲሜትር ቢዘል አንድም ሰው አጥሩን አይሻገርም። ብዛቱ የሚያመጣው ሙቀት ነው። በ2011 ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የሬዲዮ ሞገድን «ምናልባት ካንሰር ሊያመጣ ይችላል» በሚለው ምድብ ማስገባቱ እውነት ነው። ምድቡ ግን ማስረጃው ውስን ነው ማለት እንጂ ተረጋገጠ ማለት አይደለም።

እግረ መንገዴን፣ ኤምአርአይ የሚሠራው በማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ ነው፣ አልትራሳውንድ ደግሞ በድምፅ። ሁለቱም ኤሌክትሮን ከአቶም የሚነቅል ጨረር የላቸውም። «በኤምአርአይ ጨረር በዛብኝ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አረጋጉት።

«ጨረር የሚገድለው በሙቀቱ አቃጥሎ ነው»

ይህን ስሌት ስሠራው ሁሌም ይገርመኛል። መላ ሰውነቱ በአንድ ጊዜ ከ4 እስከ 5 ግሬይ የተመታ ሰው ካልታከመ የመዳን ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። አንድ ግሬይ ማለት በኪሎ አንድ ጁል ነው። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 5 ግሬይ 350 ጁል ይሆናል። አንድ ጉንጭ ሙቅ ውሃ ከዚያ የበለጠ ሙቀት ይዞ ወደ ሆዳችሁ ይወርዳል። የሰውነቱ ሙቀት አንድ ሺህኛ ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው የሚጨምረው። ቴርሞሜትር እንኳ አያየውም።

ታዲያ የሚገድለው ምንድን ነው? ጉልበቱ የሚያርፍበት ቦታ። ሙቅ ውሃ ጉልበቱን ለሁሉም ሞለኪውል እኩል ያከፋፍላል። ጨረር ግን በጠባብ መስመር ላይ ያወርደውና ዲኤንኤን፣ የሴሉን ባለ ሁለት ክር የዘር መረጃ፣ ይበጥሳል። አንድ ክር ብቻ ቢበጠስ ሴሉ በሌላው ክር እያነጻጸረ ይጠግነዋል። ሁለቱም ክሮች በአንድ ቦታ ከተበጠሱ ግን ጥገናው ከባድ ነው። ቶሎ ቶሎ የሚከፋፈሉት የመቅኒና የአንጀት ሴሎች ቀድመው የሚጎዱት ለዚህ ነው።

የካንሰር ሕክምናውም የሚሠራው በዚሁ ድክመት ነው። የካንሰሩ ዕጢ ላይ በድምሩ 60 ግሬይ ሊወርድ ይችላል፣ መላ ሰውነትን ከሚገድለው ከአሥር እጥፍ በላይ። ግን በአንዴ አይደለም። ብዙ ጊዜ በቀን 2 ግሬይ እየተባለ ለሳምንታት ይከፋፈላል፤ ከተለያየ አቅጣጫ እየተተኮሰ ዕጢው ላይ ይገናኛል። በየመሃሉ ጤነኛው ሴል ይጠግናል። የካንሰሩ ሴል በጥገና ሰነፍ ነው። «ለምንድን ነው በየቀኑ የሚያመላልሱኝ?» ለሚል ታካሚ መልሱ ይኸው ነው።

«ግማሽ ዕድሜው የረዘመ ነው አደገኛው»

ተቃራኒው ለእውነት ይቀርባል። ረጅም ዕድሜ ማለት ቀስ ብሎ መፍረስ ማለት ነው። ዩራኒየም 238 ግማሽ ዕድሜው 4.5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ከአንድ ግራሙ በሰከንድ 12 ሺህ አካባቢ አቶም ይፈርሳል። ራዲየም 226 ደግሞ 1600 ዓመት ነው፤ ከአንድ ግራም በሰከንድ 37 ቢሊዮን። ራዲየምን ከባሏ ጋር ያገኘችው የማሪ ኩሪ ማስታወሻ ደብተሮች ፓሪስ ውስጥ እስከ ዛሬ እርሳስ በተለበጠ ሣጥን የሚቀመጡት በራዲየሙ ምክንያት ነው። የሚያስቸግሩት መሃል ላይ ያሉት ናቸው፤ እንደ ሲዚየም 137፣ 30 ዓመት አካባቢ። ለመጉዳት በቂ ፍጥነት አለው፣ የአንድን ሰው ዕድሜ ያህል ደግሞ ይቆያል።

«ጨረር ቁስን ያበላሻል እንጂ አያሻሽልም»

የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሽቦ ሲያገናኝ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንዳንዱ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ያለብሰውና ከሥሩ ላይተር ይለኩሳል። ፕላስቲኩ መቅለጥ ሲገባው ተኮማትሮ ሽቦውን ጥብቅ አድርጎ ይይዛል። ያ ቱቦ ብዙ ጊዜ ፋብሪካ ውስጥ በኤሌክትሮን ጨረር የተመታ ፖሊኢትሊን የሚባል ፕላስቲክ ነው። ተራ ፖሊኢትሊን ረጃጅም ሞለኪውሎች ናቸው፣ እንደ ተበተነ ክር። ጨረሩ ክሮቹን እዚህም እዚያም ይቋጥራቸዋል። ከዚያ ይሞቃል፣ ይለጠጣል፣ እንደተለጠጠ ይቀዘቅዛል። ሲሞቅ ቋጠሮዎቹ ወደ ድሮ መጠኑ ይጎትቱታል። ሞለኪውል የሚበጥሰው ጨረር ሞለኪውል ቋጠረ ማለት ነው።

ይኸው ዘዴ ሰው ሠራሽ የዳሌ መገጣጠሚያ ውስጥ የሚገባው ፕላስቲክ ቶሎ እንዳያልቅ ያደርገዋል። ሬአክተር ውስጥ የገባ ሲሊከንስ? ከአቶሞቹ ጥቂቶቹ ኒውትሮን ይቀበሉና ወደ ፎስፈረስ ይለወጣሉ። ለከፍተኛ ኃይል የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚሆን፣ ፎስፈረሱ እኩል የተዳረሰበት ሲሊከን ይገኛል። ገበያ ላይ ያለው ሰማያዊ ቶፓዝ የሚባለው የጌጥ ድንጋይም በአብዛኛው በጨረር ቀለሙን ያገኘ ነው። ቶፓዝ ያላችሁ አትደንግጡ።

«አዮዲን ክኒን ከጨረር ያድናል»

የሚያድነው የታይሮይድ ዕጢን ብቻ ነው፣ ያውም ከራዲዮአክቲቭ አዮዲን። ዕጢው ንጹሑን አዮዲን ቀድሞ ከጠገበ የተበከለው መግቢያ ያጣል። ለሲዚየም፣ ለራጅ፣ ለሲቲ ስካን ምንም አይፈይድም። ያለ ትእዛዝ መዋጥ ዕጢውን ሊያውክ ይችላል።

«ትንሽ ጨረር ምንም አይደለም፣ ዝም ብለህ ተነሳ»

እስካሁን ፍርሃትን ሳረግብ ቆይቻለሁ። ይህ ደግሞ የሌላው ጫፍ ስህተት ነው። የደረት ራጅ 0.1 ሚሊሲቨርት ወይም ከዚያ በታች ነው፤ ከተፈጥሮ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከሚደርሰን ብዙም አይበልጥም። የሆድ ሲቲ ስካን ግን ወደ 10 ሚሊሲቨርት ሊደርስ ይችላል፣ መቶ ራጅ እንደማለት ነው። ጨረር ተከላካይ ባለሙያዎች ትንሹም መጠን ትንሽ አደጋ እንዳለው አድርገው ነው የሚያሰሉት፣ በተለይ ለልጆች። ሲቲው የሚያስፈልግ ከሆነ ጥቅሙ ይበልጣል፣ ተነሱ። ግን ምርመራ በታዘዘ ቁጥር የድሮውን ምስል ይዞ መሄድና «ባለፈው ወር የተነሳሁት አለ፣ እሱ አይበቃም?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። አንዳንዴ ሐኪሙ ያየውና «ይበቃል» ይላል።