ታራንቱላን በመልኩ መለየት

ውጭ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ሸረሪት ታሳድጋለች። በቅርቡ ፎቶ ልካ «ዝርያው ምንድን ነው?» አለችኝ። አራት ኪሎ ማኪያቶ ይዤ ተቀምጬ ነበር። ጓደኛዬ ስልኬን አየና ወንበሩን ራቅ አደረገ።

ታራንቱላ የአንድ ሸረሪት ስም አይደለም። ቴራፎሲዳ የሚባል ቤተሰብ ነው፤ ከ1,000 በላይ ዝርያዎች አሉት። ስሙ የመጣው ታራንቶ ከምትባል የጣሊያን ከተማ ነው። የሚገርመው፣ እዚያ መጀመሪያ ታራንቱላ የተባለችው ሸረሪት የዚህ ቤተሰብ አባል አይደለችም።

ለመለየት ከቀለሙ በፊት የሚጠየቀው አገሩ ነው። ከአሜሪካ አህጉሮች የመጡት አብዛኞቹ ሆዳቸው ላይ የሚያሳክክ ፀጉር አላቸው። ሲነኳቸው በኋላ እግራቸው እየፋቁ ይበትኑታል። ቆዳን እንደ ሳማ ይለበልባል፤ ዓይን ከገባ ግን ሐኪም ቤት ያስኬዳል። እኛ ዘንድ ሽፍታ የወጣበትን ሰው «ሸረሪት ሸንታበት ነው» እንላለን። የቤታችን ሸረሪት በከንቱ ነው የምትታማው፤ ሐሜቱ ለእነዚህ ቢሆን ያምር ነበር። የአፍሪካና የእስያ ታራንቱላዎች ይህ ፀጉር የላቸውም፤ እነሱ የሚመኩት በንክሻቸው ነው። ስለዚህ ሆዱ ላይ መላጣ ቦታ የሚታይበት ታራንቱላ የአሜሪካ ልጅ ሳይሆን አይቀርም።

ቀለም ብዙ ያታልላል። ቆዳውን ሊቀይር የደረሰ ታራንቱላ ይደበዝዛል፤ ከቀየረ በኋላ ደግሞ አዲስ ልብስ እንደለበሰ ሰው ያበራል። ካሪቤና ቨርሲኮለር የተባለችው የማርቲኒክ ደሴት ሸረሪት ጫጩት ሳለች ሰማያዊ ናት፤ ስታድግ አረንጓዴና ቀይ ትሆናለች። ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን ያየ አንድ ናቸው ብሎ አያምንም። በስሪላንካና በሕንድ ዛፍ ላይ የሚኖሩት ፖይሲሎቴሪያዎች ደግሞ ከላይ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ዋናው መለያቸው ከፊት እግሮቻቸው ሥር ያለው ጥለት ነው። እንግዲህ የምትኖርበት ሣጥን መስታወት ላይ እስክትወጣ ጠብቆ ከሆዷ በኩል ፎቶ ማንሳት ነው።

የባለሙያዎቹንም ዓይን ያሳተው ግን «የሜክሲኮ ቀይ ጉልበት» የሚባለው ታራንቱላ ነው። ጥቁር ሰውነት፣ ብርቱካናማ ጉልበት፤ ታራንቱላ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው እሱን ነው። ለዓመታት ብራኪፔልማ ስሚቲ እየተባለ ተሸጠ። በ2017 የወጣ ጥናት ሁለት ተመሳሳይ ዝርያዎችን በደንብ ሲለያይ፣ በየቤቱ ያለው አብዛኛው ብራኪፔልማ ሃሞሪ ሆኖ ተገኘ። ስሚቲ የሚገኘው በሜክሲኮ ጌሬሮ ግዛት ነው። ሃሞሪ ከዚያ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ በሚቾአካን፣ በኮሊማና በሃሊስኮ ይገኛል። በመልክ ሲታይ ሃሞሪ መንጋጋው ፊት ላይ ሁለት ፈዛዛ መስመሮች አሉት፤ ስሚቲ የለውም። ችግሩ፣ መስመሮቹ በሁሉም ሃሞሪዎች ላይ በግልጽ አይታዩም።

ቁርጡ የሚታወቀው በአጉሊ መነጽር ነው። በደረሰ ወንድ ከአፉ አጠገብ ባሉት አጫጭር ክንዶች ጫፍ ላይ ያለው የመራቢያ አካል ቅርጽ ይታያል። በሴቷ የወንዱን ዘር የምታስቀምጥበት ከረጢት ይመረመራል። ደግነቱ ሴቷን መግደል አያስፈልግም፤ የከረጢቱ ሽፋን ከጣለችው ቆዳ ጋር አብሮ ይወጣል። ቆዳውን በውኃ አርሶ፣ ቀስ ብሎ ዘርግቶ ማየት ይቻላል።

ከካፌው ጥቂት ራመድ ብሎ፣ አራት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ፣ የእንስሳት ሙዚየም አለ። በእንዲህ ያለ ሙዚየም ናሙና ከነወረቀቱ ነው የሚቀመጠው፤ የት ተያዘ፣ መቼ ተያዘ። ለማዳዋ ሸረሪት ያጣችው ይህን ወረቀት ነው። ከእጅ ወደ እጅ ስትሸጥ የትውልድ ቦታዋ ይጠፋል። አንዳንዴም በሰው እጅ ሁለት ዝርያዎች ተዳቅለው የተወለደች ትሆናለች፤ ያኔ ፎቶዋን የፈለገው ያህል ቢያጎሉት ስም አይወጣላትም።

ለአክስቴ ልጅ «ወገኑ ብራኪፔልማ ይመስላል፣ የጣለውን ቆዳ አስቀምጠሻል?» ብዬ ጻፍኩላት። ጠርጋ ጥላዋለች።