መርከብ ላይ «ወረርሽኝ» የሚባለው ስንት ሰው ሲታመም ነው?

«መርከቡ ላይ ወረርሽኝ ገባ» ሲባል ተሳፋሪው ሁሉ ተቆልፎበት ይመስለናል። አይደለም። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል (ሲዲሲ) የሆድ በሽታ ወረርሽኝ ብሎ ለሕዝብ የሚያሳውቀው ከተሳፋሪዎቹ ወይም ከሠራተኞቹ 3 በመቶው ሲታመሙ ነው፤ 3,000 መንገደኛ ከጫነ መርከብ 90 ማለት ነው። ታማሚ የሚባለውም፣ ለምሳሌ፣ በ24 ሰዓት 3 ጊዜና ከዚያ በላይ ያስቀመጠው ሰው ነው።

ከክፍልህ አትውጣ የሚባለው የታመመው ነው፤ ያውም ምልክቱ ከጠፋ በኋላ ቢያንስ 24 ሰዓት። ምግብ የሚነካ ሠራተኛ ከሆነ 48። በኮቪድ ጊዜ የለመድነው «ለይቶ ማቆያ» ግን ሌላ ነው፦ ሳይታመም ለበሽታው የተጋለጠውን የሚመለከት።

በመመገቢያው በር ላይ የተሰቀለውን ሳኒታይዘር ብዙ አትመኑት፤ መርከብ ላይ ብዙ ጊዜ ተቅማጥና ትውከት የሚያመጣውን ኖሮቫይረስን እምብዛም አይገድለውም። ሳሙናና ውሃ ነው መድኃኒቱ፣ በእጁ እንጀራ ለሚቆርስ ሰው አዲስ ነገር አይደለም።