«መጋረጃው በኋላ ይደርሳል»፦ ስለ ጣሪያ መስኮትና ስለ ስውር መጋረጃ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

መሃል አዲስ አበባ ላይ ቤቶች ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘዋል። ፒያሳ ሂዱ፣ ካዛንቺስ ሂዱ፣ ያው ነው። በጎን መስኮት ላውጣ ቢሉ የጎረቤት ግድግዳ አለ። ስለዚህ ብርሃን የሚመጣው ከላይ ነው። ደረጃው ላይ ወይም ሳሎኑ መሃል ጣሪያው ይከፈትና መስታወት ይገባበታል። ስካይላይት የምንለው ማለት ነው።

እኔ የምሠራው የቤት ውስጥ ፊኒሺንግ ነው። ስካይላይት ያለው ቤት ሳስረክብ መጀመሪያ ሁሉም ደስ ይለዋል። ጥቂት ወራት ቆይቶ ስልክ ይደወላል። «ቤቱ ጋለብን፣ ቴሌቪዥኑ አይታይም፣ መጋረጃ ፈልግልን። ግን እንዳይታይ!» ይላሉ። እንዳይታይ የሚሉት ስውር መጋረጃውን ነው። ሲሰበሰብ ኮርኒሱ ውስጥ ገብቶ የሚጠፋ፣ ሲፈለግ ደግሞ ከጠባብ ክፍተት ወጥቶ መስታወቱን የሚሸፍን ማለት ነው። በጣም ያምራል፣ እኔም እወደዋለሁ። ችግሩ ስለ እሱ የምንሰማው ብዙው ነገር ልክ አለመሆኑ ነው። የምሰማቸውን አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

«መጋረጃ የመጨረሻ ሥራ ነው»

ብዙ ገንዘብ ያስወጣ ስህተት ይሄ ነው። ለተራ መስኮት እውነት ነው። ቀለም ይቀባል፣ ቤቱ ይጸዳል፣ ከዚያ መጋረጃ ይሰቀላል። ስውር መጋረጃ ግን የሚታሰበው ጂፕሰሙ ከመዘጋቱ በፊት ነው። ምክንያቱም የሚደበቅበት ቦታ ያስፈልገዋል። ያ ቦታ ደግሞ የኮርኒሱ አካል ነው።

አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ቤት ተጠርቼ ሄድኩ። ሁሉም ነገር አልቋል። ቀለሙ ደርቋል፣ ምንጣፉ ተነጥፏል። መሰላል ላይ ወጥቼ በጂፕሰሙና በላዩ ባለው ብረት መሃል ያለውን ክፍተት ለካሁ። 4 ሴንቲ ሜትር። አራት ጣቴን እንኳ በደንብ አያስገባም። ወርጄ ለቤቱ ባለቤት «እትዬ፣ ወይ መጋረጃው ይታያል፣ ወይ ጂፕሰሙ ይፈርሳል፤ ሦስተኛ መንገድ የለም» አልኳቸው። ዝም ብለው ጣሪያውን አዩት። «ይፍረስ እንግዲህ» አሉ። በማግስቱ የጂፕሰም አቧራው አዲሱን ሶፋ ሳይቀር አለበሰው። የቤቱ ባለቤት ከሠራተኛቸው ጋር ሆነው ምንጣፉን ሲጠቀልሉ ሳይ አንጀቴን በሉት። ጂፕሰሙ ከመዘጋቱ በፊት አንድ ሰው ቢነግራቸው ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ስንት ቦታ ይበቃል? ስሌቱ ቀላል ነው። ጨርቁ የሚጠቀለልበት ቧንቧ ውፍረት 4 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። ጨርቁ ግማሽ ሚሊ ሜትር ውፍረት ቢኖረውና ርዝመቱ 2 ሜትር ቢሆን፣ ተጠቅልሎ ሲያልቅ 5 ሴንቲ ተኩል ገደማ ይሆናል። ርዝመቱ 4 ሜትር ከሆነ ወደ 6 ሴንቲ ተኩል ይደርሳል። ስፋቱ ሲጨምር ደግሞ ቧንቧው ራሱ መወፈር አለበት፣ አለበለዚያ መሃሉ ላይ ይጎብጣል። በዚህ ላይ መያዣውና ጨርቁ ሳይነካካ የሚሽከረከርበት ትርፍ ቦታ አለ። የሠራተኛ እጅና የብሎን መፍቻም መግባት አለባቸው። ስለዚህ ለተለመደ የቤት ስካይላይት እኔ ከውስጥ 12 በ12 ሴንቲ ሜትር ባዶ ሳጥን አስቀራለሁ። የጨርቁ ርዝመት ከ4 ሜትር ካለፈ መጋረጃ ሠሪውን ሳልጠይቅ ቁጥር አልናገርም።

ሌላም አለ። ጂፕሰም ብቻውን ብሎን አይዝም። መያዣው የሚታሰርበት ቦታ ከጀርባው እንጨት ወይም ብረት መግባት አለበት። ይሄም ከመዘጋቱ በፊት ነው። የኤሌክትሪክ ቱቦውም እንደዚያው። ስለዚህ ጂፕሰም ሠሪው፣ ኤሌክትሪሺያኑና መጋረጃ ሠሪው ሥራው ሳይጀመር አንድ ቀን አብረው ቤቱ ውስጥ ይቁሙ። ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ሦስቱ ተገናኝተው የማያውቁበት ቤት ብዙ አይቻለሁ። ውጤቱም ያስታውቃል።

«አዲስ አበባ ብርድ ናት፣ ፀሐይዋ ምንም አታደርግም»

አየሩ ቀዝቃዛ መሆኑ እውነት ነው። ፀሐይዋ ግን ሌላ ነገር ናት። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ጥላ ውስጥ ጃኬት ለብሰን፣ ፀሐይ ላይ ስንወጣ ግንባራችን የሚለበለበው ለዚህ ነው።

ከዚያ በላይ ግን ዋናው ነገር አቅጣጫው ነው። እኛ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ነን። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ልክ አናታችን ላይ ትቆማለች፤ አንዴ ሚያዝያ 5 አካባቢ፣ ሌላ ጊዜ ነሐሴ 24 አካባቢ። የነሐሴውን ብዙ ጊዜ ደመናው ይሸፍነዋል። የሚያዝያው ግን ደመና በሌለበት ቀን ያለ ርኅራኄ ይወርዳል። በነዚህ ቀናት 6 ሰዓት ተኩል ላይ ደጅ ብትቆሙ ጥላችሁ እግራችሁ ሥር ይገባል። በሁለቱ ቀናት መካከል ያለው ጊዜ ደግሞ ፀሐይዋ እኩለ ቀን ላይ ወደ ሰሜን ታጋድላለች። እጅግ ዝቅ በምትልበት በታኅሣሥ አጋማሽ እንኳ እኩለ ቀን ላይ ከአድማስ 57 ዲግሪ በላይ ከፍ ብላ ነው የምትገኘው።

ይሄ ለስካይላይት ምን ማለት ነው? የግድግዳ መስኮት እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ገረፍ አድርጋው ታልፋለች። የጣሪያ መስኮት ግን ዓመቱን ሙሉ ፊት ለፊት ይቀበላታል። «ስካይላይቱን ወደ ሰሜን አዙሬዋለሁ፣ መጋረጃ አያስፈልገኝም» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ያ አውሮፓ ውስጥ ይሠራል። እዚህ ግን በክረምቱ ወራት ፀሐይዋ ራሷ በሰሜን በኩል ናት።

ጉዳቱን በዓይኔ ያየሁት አንድ ሳሎን ውስጥ ነው። ሶፋው ሮዝ መስሎኝ ነበር። ባለቤቱ ትራሱን ሲያነሱት ሥሩ ደማቅ ቀይ ነው። የትራሱ ቅርጽ ልክ እንደ ማኅተም ጨርቁ ላይ ቀርቷል። ተራ መስታወት የአልትራቫዮሌቱን ከፊል ይከለክላል እንጂ ዩቪ-ኤ የሚባለውን አብዛኛውን ያሳልፋል። ሁለት መስታወት በመሃሉ ቀጭን ፕላስቲክ ተደርጎ የተጣበቀበት ላሚኔትድ የሚባለው ከሞላ ጎደል ሁሉንም ያስቀራል። ቢሰበርም ስብርባሪው አናት ላይ አይወርድም። በረዶ በሚጥልበት ከተማ ለጣሪያ ሌላ መስታወት ባታስቡ ደስ ይለኛል።

«ያው የመስኮቱን መጋረጃ ወደ ላይ ማዞር ነው»

አይደለም። የመስኮት መጋረጃ ቀጥ ብሎ የሚቆመው በራሱ ክብደት ነው። ጣሪያ ላይ አግድም ሲዘረጋ ክብደቱ ጠላቱ ይሆናል። ጨርቁ በሁለት ዛፍ መሃል እንደሚታሰር የጨርቅ አልጋ መሃል ለመሃል ይንጠለጠላል። ቨርቲካል ብላይንድ የሚባለው፣ ከላይ ወደ ታች በሚንጠለጠሉ ቁራጮች የሚሠራው፣ ደግሞ ጭራሽ አይሆንም።

ስለዚህ በሁለቱ ጎን ሐዲድ ያስፈልጋል። ጨርቁ በሐዲዱ ውስጥ ይሄዳል። ከሌላኛው ጫፍ ደግሞ ስፕሪንግ ወይም ሽቦ ወጥሮ ይይዘዋል። ስውር እንዲሆን ከፈለጋችሁ ሐዲዱም ጂፕሰሙ ውስጥ ገብቶ ከገጹ እኩል መሆን አለበት። ብዙ ሰው ሳጥኑን አስቦ ሐዲዱን ይረሳል። ከዚያ ነጭ ኮርኒስ ላይ ሁለት የአሉሚኒየም መስመር ይቀራል። ለትንንሽ ስካይላይት እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፈው ዓይነት ይሻላል፤ ቀላል ስለሆነ ብዙ አይረግብም።

«ልኩ ፕላኑ ላይ አለ»

የሳጥኑ አዎ። የጨርቁ ግን ስቱኮ ካለቀ በኋላ ነው የሚለካው። ስፋቱን ሦስት ቦታ ለኩ፣ ትንሹን ቁጥር ያዙ። ከዚያ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ሁለቱንም ለኩ። ሁለቱ እኩል ካልሆኑ ቀዳዳው ተጣሟል፣ ጨርቁም ሐዲዱ ውስጥ ይነክሳል።

«መጋረጃ ካለ ሙቀት አይገባም»

ይሄ ግማሽ እውነት ነው። መጋረጃው ያለው ከመስታወቱ በታች ነው። ፀሐይዋ መስታወቱን ካለፈች በኋላ ነው የሚያገኛት። ከፊሉን ወደ ላይ ይመልሳል፣ የቀረው ግን ሙቀት ሆኖ እዚያው ቤት ውስጥ ይቀራል። ሙቀትን በደንብ የሚያስቀር ከመስታወቱ ውጭ የሚሆን ጥላ ነው። እሱ ደግሞ ዝናብና ንፋስ ይፈራረቁበታል፣ ወጪውም ሌላ ነው። ከውስጥ ካደረጋችሁ ወደ መስታወቱ የሚያየው ገጽ ነጭ ወይም ብርማ ይሁን። ወደ ቤቱ የሚያየው የፈለጋችሁት ቀለም መሆን ይችላል።

ጥቁር ጨርቅ ለመስታወቱ በጣም አስጠግቶ መዘርጋት ሌላም ጣጣ አለው። በመሃል ያለው አየር ይግላል። መጋረጃው እስከ ግማሽ ብቻ ሲዘጋ ደግሞ የመስታወቱ አንዱ ክፍል ግሎ ሌላው ቀዝቃዛ ይሆናል። ቴምፐርድ ያልሆነ፣ ማለትም በሙቀት ያልተጠናከረ መስታወት በዚህ ምክንያት ሊሰነጠቅ ይችላል። በጨርቁና በመስታወቱ መሃል አየር የሚንቀሳቀስበት ክፍተት ተዉ።

«ጨለማ የሚያደርገው ሁልጊዜ ይሻላል»

ለመኝታ ቤት አዎ፣ ያውም በጎን ሐዲድ ካለው ብቻ። ለሳሎንና ለደረጃ ግን ስካይላይት የከፈታችሁት ለብርሃን አይደል? ስክሪን የሚባለው ባለ ቀዳዳ ጨርቅ ውሰዱ። 3 በመቶ፣ 5 በመቶ እየተባለ የሚሸጠው የቀዳዳውን መጠን ነው። ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ፀሐይዋ ይበልጥ ትለዝባለች።

«መብራት ይጠፋል፣ ሞተር ለእኛ አይሆንም»

ስጋቱ ገብቶኛል። ግን መብራት ቢጠፋ ሞተሩ የቆመበት ይቆማል እንጂ አይበላሽም። ባትሪ ያለውም አለ፤ አንዳንዱ መስታወቱ ሥር በሚለጠፍ ትንሽ ሶላር ይሞላል። ነገር ግን ባትሪ ከመምረጣችሁ በፊት ከፍታውን አስቡ። ሁለት ፎቅ የሚያህል ደረጃ ላይ ያለን መጋረጃ ቻርጅ ለማድረግ በየጊዜው መሰላል ማቆም ማን ይችላል? እንዲህ ያለ ቦታ ላይ መስመር መዘርጋት ይሻላል። ዝቅ ያለ ኮርኒስ ላይ ከሆነ በእጅ የሚዞር ዘንግም ይበቃል። ዛሬ ሞተር ባትፈልጉም ባዶ ቱቦ ይቅበሩ። ዋጋው ኢምንት ነው።

«የሳጥኑ ክዳን ውበቱን ያበላሻል»

አንድ ቤት ሞተሩ ቆመ። መጋረጃው ግማሽ ላይ ቀረ። ሳጥኑ ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ፣ ስቱኮ ተመትቶ፣ ተቀብቷል። ሠራተኛው ሞተሩ በየትኛው በኩል እንዳለ ለማወቅ በጣቱ ኮርኒሱን እያንኳኳ ጆሮውን አስጠጋ። በመጋዝ ቆረጠው፤ የተሳሳተ በኩል ነበር። በሌላው በኩል ደግሞ ቆረጠ። የተበላሸው አንድ የላላ ሽቦ ብቻ ነው። ለአንድ ሽቦ ሁለት ቀዳዳ፣ ከዚያ የኮርኒሱ ሙሉ ቀለም።

ሞተሩ ባለበት ጫፍ የሚወልቅ ክዳን ይኑር። በደንብ ከተሠራ ከጠርዙ ቀጭን መስመር በቀር አይታይም። ክዳኑ ሳይዘጋ የሳጥኑን ውስጥ በስልክ ፎቶ አንሱ፣ ሜትር ዘርግታችሁ። ፎቶውን የቤቱ ባለቤት ይያዘው፣ ፎርማኑ ሌላ ሥራ ላይ ይሄዳልና።

«ጠብታውንም ይሸፍንልናል»

ይሄን የሚለኝ ሰው ሲገጥመኝ ሥራ አልጀምርም። የሚያፈስ ስካይላይት ሥር ጨርቅ ቢዘረጋ ውኃው ጨርቁ ላይ ይጠራቀማል፣ ይሻግታል፣ ከዚያ ሞተሩ ጋ ይደርሳል። መጀመሪያ በመስታወቱ ዙሪያ ያለው ላሜራና ሲሊኮን ይታይ። አሸንዳውም ይጠረግ። ከተቻለ አንድ ክረምት ይለፍበት። ካልተቻለ በጎማ ውኃ ለረጅም ጊዜ ይለቀቅበትና ከሥር ቆሞ ማየት ነው።

ግን ጠብታ ሁሉ ከላይ አይመጣም። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ መስታወቱም ይቀዘቅዛል። ከታች ወጥ ይሠራል፣ ሻወር አለ፣ ሰው ይተነፍሳል። ያ እርጥብ አየር ሽቅብ ወጥቶ ቀዝቃዛውን መስታወት ሲነካ ወደ ውኃነት ይለወጣል። መጋረጃው ጥርቅም ብሎ ሌሊቱን ሙሉ ከተዘጋ ከቤቱ የሚመጣው ሙቀት መስታወቱ ጋ ስለማይደርስ ይብስበታል። ጠዋት ጨርቁን ስትነኩት እርጥብ ከሆነ ጣሪያ ሠሪ ከመጥራታችሁ በፊት ለሦስት ሌሊት አንድ መዳፍ ያህል ክፍት አድርጋችሁ እደሩ። ከደረቀ ትነቱ ነው። ካልደረቀ ያኔ ጣሪያው ላይ ሰው ይውጣ።