ዘርን በምራቅ መቁጠር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በአሜሪካ ለገና ከሚሸጡ ስጦታዎች አንዱ የዘር ሐረግ በዲኤንኤ (በዘረመል) የሚመረመርበት ትንሽ ሳጥን ነው። ውስጡ የፕላስቲክ ብልቃጥ አለ። ተቀባዩ እስከ ምልክቱ ድረስ ምራቁን ይሞላል፤ ክዳኑን ሲገጥም ናሙናውን ከብልሽት የሚጠብቅ ፈሳሽ ወርዶ ይቀላቀላል፤ ከዚያ በፖስታ ወደ ቤተ ሙከራ ይላካል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ «ከዚህ አካባቢ ይህን ያህል በመቶ» የሚል ካርታና የማያውቃቸው ዘመዶች ዝርዝር ይደርሰዋል። በውጭ ከሚኖሩ ወገኖቻችን፣ በተለይም በልጅነታቸው በጉዲፈቻ ወደ አሜሪካና አውሮፓ ከተወሰዱት መካከል ሥጋ ዘመዳቸውን በዚህ መንገድ የሚፈልጉ አሉ። ስለ ምስጢራዊነቱ ሲወራ ግን አንዱ «ምን ይመጣል» ብሎ ይንቀዋል፣ ሌላው ምራቁን ወስደው ወንጀል እንዳይለጥፉበት ይሰጋል። ሁለቱም ጉዳዩን ስተውታል።

«መጠበቅ ያለበት ምራቁ ነው»

ብልቃጡ ቤተ ሙከራ ሲደርስ የተለጠፈበት ስም ሳይሆን ባርኮድ ነው። ሦስት ቢሊዮን ከሚሆኑት የዘረመል ፊደላት የሚነበቡትም ስድስት ወይም ሰባት መቶ ሺህ ያህል የተመረጡ ነጥቦች ብቻ ናቸው። ውጤቱ በማንኛውም ኮምፒውተር የሚከፈት ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። ከዚያ ወዲያ ብልቃጡ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢቆለፍም ቢቃጠልም፣ የሚያሳስበው ፋይሉና አብረውት የተቀመጡት ስም፣ ኢሜይልና የዘመድ ዝርዝር ናቸው።

በ2023 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሳጥኑን ከሚሸጡት አንዱ በሆነው ትዌንቲስሪ ኤንድ ሚ በተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ ላይ የደረሰው ዘረፋ ለዚህ ማስረጃ ነው። የቤተ ሙከራውን ደጃፍ የረገጠ ሰው አልነበረም። ዘራፊዎቹ ቀደም ሲል ከሌሎች ድረ ገጾች የተሰረቁ የይለፍ ቃሎችን ሰብስበው ሞከሩ፤ ሰው አንዱን ቃል በየቦታው እንደሚጠቀም ያውቃሉ። 14 ሺህ ያህል አካውንቶች ተከፈቱላቸው። እያንዳንዱ አካውንት ደግሞ የዘመዶቹን ገጽ ያሳያልና በዚያ በኩል የ6.9 ሚሊዮን ሰዎች መረጃ ወጣ፦ ስም፣ የትውልድ ዓመት፣ የዝምድና ደረጃ፣ የዘር መቶኛ፣ አንዳንዶቹም የሚኖሩበት አካባቢ ጭምር። ሙከራው ለአምስት ወር ያህል ሲካሄድ ኩባንያው አልነቃም። መረጃው ለሽያጭ ሲቀርብ የአሽከናዚ (መነሻቸው አውሮፓ የሆነ) አይሁዶችና የቻይና ተወላጆች ዝርዝር ለብቻው ተለይቶ ነበር። በዘር ተለይቶ የተዘጋጀ የስም ዝርዝር ምን ሊያስከትል እንደሚችል ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም።

ኩባንያው መጀመሪያ ላይ የይለፍ ቃል በደጋገሙ ደንበኞች አሳብቦ ነበር። መረጃቸው ከወጣባቸው ሰዎች የሚበዙት ግን የገዛ አካውንታቸው አልተሰበረም፤ የወጡት በዘመዶቻቸው በኩል ነው። የብሪታንያ የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን ሰኔ 2025 ኩባንያውን 2.31 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጣው። ከይለፍ ቃሉ በተጨማሪ ሁለተኛ ማረጋገጫ ግዴታ የሆነውም ከዘረፋው በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

«ለኤምባሲ ጉዳይም ያገለግለኛል»

ዲኤንኤ የሚለውን ቃል ብዙዎቻችን የሰማነው በቪዛ ጉዳይ ነውና መደባለቁ አይገርምም። የአሜሪካ ኤምባሲ ለዝምድና ማረጋገጫ የሚቀበለው ኤኤቢቢ የተባለው ተቋም ዕውቅና ከሰጠው ቤተ ሙከራ በቀጥታ የተላከለትን ውጤት ነው። ናሙናውም የሚወሰደው ማንነት ተረጋግጦ በኃላፊ ፊት ነው። ቤት ውስጥ የተተፋበት ብልቃጥ የማን እንደሆነ የሚመሰክር የለም። ደግሞም የቪዛው ምርመራ የሚያነጻጽረው ዝምድናቸውን የገለጹትን ሰዎች ነው፤ የዘር ሐረጉ ግን አንድን ሰው ከሚሊዮኖች ጋር።

«በሐሰተኛ ስም ብመዘገብ ማን ያውቀኛል?»

አገር ቤት ለጋብቻ ዘር ሲቆጠር ሽማግሌ ተቀምጦ እስከ ሰባት ቤት ይወርዳል። ኮምፒውተሩ ስም ሳይጠይቅ የሚሠራውም ይህንኑ ነው። ወንድምና እህት ከዲኤንኤያቸው ግማሽ ያህሉን ይጋራሉ፤ የአጎትና የአክስት ልጆች 12.5 በመቶ ያህል። የአያታቸው አያት አንድ የሆነ ሰዎች የሚጋሩት አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ያም ሆኖ አብዛኛውን ጊዜ ይገኛል። በ2018 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት 1.28 ሚሊዮን ሰዎች ባሉበት አንድ የመረጃ ቋት ውስጥ የአውሮፓ ዝርያ ላላቸው ሰዎች ቢፈለግ፣ ከመቶ 60 ለሚሆኑት ቢያንስ በዚያ ደረጃ የሚዛመዳቸው ሰው እንደሚገኝ አሳይቷል። ከዚያ ዕድሜና የመኖሪያ አካባቢ ሲጨመርበት የሚቀሩት ሰዎች ጥቂት ናቸው።

ጆሴፍ ዲአንጀሎ የተባለው የቀድሞ ፖሊስ ሚያዝያ 2018 በካሊፎርኒያ የተያዘው እንዲህ ነው። በኋላ በ13 ግድያዎች ጥፋተኛነቱን ያመነው ይህ ሰው በየትኛውም ብልቃጥ ተፍቶ አያውቅም። መርማሪዎቹ ከወንጀሉ ቦታ የተገኘውን ዲኤንኤ ሰዎች የምርመራ ፋይላቸውን በፈቃዳቸው በሚጭኑበት ጄድማች በተባለ ድረ ገጽ ላይ አስገቡ። የሩቅ ዘመዶች ወጡ። የዘር ሐረጋቸውን ወደ ላይ ቆጥረው እንደገና ወደ ታች ሲወርዱ ዲአንጀሎ ላይ ደረሱ። ከመኪናው በር እጀታና ከጣለው የአፍንጫ መጥረጊያ ወረቀት የተወሰደው ናሙና ቀሪውን አረጋገጠ። የወንጀለኛ መያዝ ደስ ያሰኛል። ዘዴው ግን ወንጀለኛና ንጹሕ አይለይም፤ ስሙን የደበቀን ማንኛውንም ሰው በዚሁ መንገድ ማግኘት ይቻላል።

ኢትዮጵያውያን በእነዚህ ቋቶች ውስጥ ገና ጥቂቶች ነን። ለዚህም ነው ብዙዎቻችን የምናገኘው የዘመድ ዝርዝር አጭር የሚሆነው። አዲስ ደንበኛ በገባ ቁጥር ግን የቆየው ፋይል እንደገና ይነጻጸራልና ዛሬ ያልወጣ ዝምድና ከዓመታት በኋላ ሊወጣ ይችላል።

«የራሴ ገላ ነው፣ ሌላውን ምን አገባው?»

ኢትዮጵያ ልጆችን ለውጭ ጉዲፈቻ መስጠትን በ2018 በሕግ ከልክላለች። ከዚያ በፊት የሄዱት ግን በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው፤ ብዙዎቹ ዛሬ ጎልማሶች ናቸው። የመጡበትን የማወቅ መብታቸውን አልከራከርም። በሌላው ጫፍ ግን በወጣትነቷ የወለደችውን ልጅ ለማንም ሳትናገር አሳልፋ ሰጥታ፣ ትዳር ይዛ፣ ሌሎች ልጆች ወልዳ የምትኖር እናት ልትኖር ትችላለች። እሷ በምንም ነገር አልፈረመችም። ውጭ አገር ያለ የወንድሟ ልጅ ለጨዋታ ብሎ የሞላው ብልቃጥ ምስጢሯን ሊያወጣው ይችላል። ስለዚህ ዝርዝሩ ላይ የቅርብ ዘመድ ያገኘ ሰው ለሁሉም በአንድ ጊዜ ከመጻፍ ይልቅ ለአንድ ሰው፣ የወላጁን ስም ሳይጠራ፣ በትሕትና ቢጽፍ ይሻላል። ከመመርመሩ በፊትም ወንድምና እህትን፣ በሕይወት ካሉም ወላጆችን ማማከር ተገቢ ነው። «የአባታችን ልጅ አይደለህም» የሚል ውጤት የሚመጣው ለአንድ ሰው ብቻ አይደለም።

«ፖሊስ እንደፈለገ ይከፍተዋል»

«ፈጽሞ አይደርስበትም» የሚሉም አሉ። መልሱ እንደ ኩባንያውና እንደ ግዛቱ ይለያያል። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ አንሰጥም ይላሉ። ፋሚሊ ትሪ ዲኤንኤ የተባለው ኩባንያ በአንጻሩ ኤፍቢአይ ከተባለው የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ጋር እንደሚተባበር በ2019 መጀመሪያ ታወቀ። ጄድማች በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ደንቡን ቀይሮ ፖሊስ የሚያየው የፈቀዱ ሰዎችን ፋይል ብቻ እንዲሆን አደረገ። ሆኖም ሐምሌ 2020 በደረሰበት የመረጃ መረብ ጥቃት የሁሉም ሰው ፋይል ለጥቂት ሰዓታት ለፖሊስ ፍለጋ ክፍት ሆኖ ነበር። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት የሜሪላንድ ግዛት ከጥቅምት 2021 ጀምሮ እንዲህ ያለ ፍለጋ በዳኛ ፈቃድና ለከባድ ወንጀሎች ብቻ እንዲደረግ በሕግ ወስኗል።

«የሕክምና ምስጢር ሕግ ይጠብቀኛል»

ሂፓ የተባለው የአሜሪካ የሕክምና ምስጢር ሕግ የሚያስገድደው ሐኪም ቤቶችን፣ የጤና መድን ድርጅቶችንና ከእነሱ ጋር የሚሠሩትን ነው። ሳጥኑን በቀጥታ ለገዢ የሚሸጥ ኩባንያ በዚያ ውስጥ አይገባም። በ2008 የወጣው ሌላ ሕግ አሠሪና የጤና መድን ድርጅት የዘረመል መረጃን ለመድልዎ እንዳይጠቀሙ ይከለክላል። የሕይወት መድንና የአካል ጉዳት መድን ግን ከክልከላው ውጭ ናቸው፤ ፍሎሪዳ በ2020 ይህን ቀዳዳ በራሷ ሕግ ደፍናለች።

«ኩባንያው ቃል ገብቶልኛል»

ቃል የገባው ኩባንያ ራሱ ሊሸጥ ይችላል። ትዌንቲስሪ ኤንድ ሚ መጋቢት 2025 የኪሳራ ጥበቃ ሲጠይቅ የ15 ሚሊዮን ያህል ደንበኞች መረጃ ከጠረጴዛና ከወንበሩ ጋር የንብረት ዝርዝር ውስጥ ገባ። የካሊፎርኒያ ዐቃቤ ሕግ ነዋሪዎች መረጃቸውን እንዲያጠፉ አሳሰቡ። በመጨረሻ የኩባንያው መሥራች አን ወጂስኪ ያቋቋሙት ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት በ305 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። መረጃው በሽያጭ ጊዜ ሊተላለፍ እንደሚችል ደንበኞቹ «እስማማለሁ» ባሉት ውል ውስጥ ተጽፎ ነበር።

«አጥፍቼዋለሁ፣ አለቀ»

መተግበሪያውን ከስልክ ማንሳት አካውንት መዝጋት አይደለም። አካውንቱን መዝጋትም ብቻውን አይበቃም፦ በአንዳንድ ኩባንያዎች የምራቁ ናሙና እንዲወገድ ለብቻው መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ለምርምር የተሰጠ ፈቃድም መሰረዝ አለበት፤ ይህም የሚሠራው ለወደፊቱ ብቻ ነው። ቤተ ሙከራዎች በሕግ ለተወሰነ ጊዜ የሚያቆዩት መረጃ አለ። ፋይሉን አውርዶ ሌላ ድረ ገጽ ላይ የጫነ ሰው እዚያም ሄዶ ማጥፋት ይኖርበታል። የእህቱ ወይም የወንድሙ ፋይል ደግሞ ባለቤቱ እስኪያነሳው ድረስ በቋቱ ውስጥ ይቆያል።